የወንድይራድ ፊደል

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ጠዋት አልናብሩ፣ የስደት ከተማችን የመጋዘን ሰፈር። አንድ የጭነት ድርጅት ቢሮውን እያደሰ ነው፤ ኮምፒውተሮቹን ሊጥል። ጥሩ ዕቃ... ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አለመቻሉ ብቻ። የመጋዘኑ ሰውዬ "አርጅተዋል" አለኝ። አላረጁም። አስረጅተዋቸው ነው። ፕሮግራም ሻጩ ያከብዳል፣ ዕቃ ሻጩ አዲስ ያቀርባል፤ ሳይመካከሩም ይግባባሉ። እኔ መካከል ገብቼ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እጭንበታለሁ፤ ዕቃው እንደገና ይሮጣል። የነሱ ስስት የኔ እንጀራ ነው። አላማርርም።

ጾም ላይ ሆኖ ሳጥን መሸከም ወገብ ይፈትናል።

ከሰዓት ሱቅ። አንዲት የደሴ ሴት ለልጇ ኮምፒውተር ፈልጋ መጣች። "የፕሮግራሙ ፈቃድስ ስንት ነው?" አለች። ፈቃድ አይከፈልበትም፣ የሁሉም ነው አልኳት። "የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ መቼ ረብቶ ያውቃል?" ብላ ሳቀች። ወሰደች ግን።

ልዘጋ ስል የቻት መስኮቱ ክፍት ነበር። የወንድይራድ ስም አረንጓዴ በራ።

ወንድይራድ ሞቷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ልቡ ቆመ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ሊኑክስን ያስተማረኝ፣ ይህን ሱቅ ስከፍት መደርደሪያውን አብሮኝ የገጠመ ሰው...

ቆሜ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

የፕሮግራም ስህተት ነው። መሆን አለበት።


መስከረም 14

አልበራም። ለሐዋ አልነገርኳትም። ሚስቴ በጂኒ ታምናለች፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ጂኒ የለም እያልኩ ነው የምነግድ።


መስከረም 16፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ በርቷል። በዚህ ጊዜ አልቆምኩም። ተቀምጬ ጻፍኩ፦ "ማነው?"

እየጻፈ ነው ይላል። ቆመ። ደግሞ እየጻፈ ነው... ከዚያ መጣ፦

"ኣይዞህ። እኔ ነኝ።"

ወዲያው ጠፋ።

ደንበኛ ገብቶ ያናግረኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ አላውቅም። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ደግሜ አነበብኩት። እንደ ነጋዴ፣ ዕቃ እንደሚፈትሽ ሰው።

"ኣይዞህ" ይላል። በኣ። በአ አይደለም።

የወንድይራድ እጅ አይደለም! ጎጃሜው ወንድይራድ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ለሊኑክስ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ሲሠራ የኖረ፣ "ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያስታውሱን ገበያ ስንሆን ነው፤ ፊደላችን እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም" ባይ... እሱ ኣይዞህ ብሎ አይጽፍም። ለኛ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ እጃችን የሚያውቀው ግን አን ነው። ኣን የሚመርጥ ጣት ትግርኛ ላይ ያደገ ጣት ነው።

ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም።


መስከረም 18፣ እሑድ

ትቬይታ ሄድኩ፣ ወንድይራድ ይኖርበት ወደነበረው ቤት። ጋሽ ወልዳይ በሩን ከፈተ። ስልሳን ያለፈ ኤርትራዊ ነው፤ ወንድይራድ ክፍል ተከራይቶ የኖረው ከሱ ጋር ነበር። ማታ ማታ ስለ ድንበሩ ጦርነት ይጨቃጨቃሉ፣ ጠዋት አብረው ዳቦ ይገዛሉ። እንደዚያ ነበሩ።

"አንተ ሰው፣ 'ማነው' ትለኛለህ እንዴ?" አለ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

"እርስዎስ 'እኔ ነኝ' የሚሉኝ ምን ማለት ነው? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ።"

"ታዲያ ማን ነኝ ልበል? እኔ እኔ አይደለሁም?"

ሳቅን። ከዚያ ተቀመጠና አለቀሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድይራድ እህት እታገኘሁ አዲስ አበባ ናት። ነፍሰ ጡር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤ አሁን ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሳ አዟል። እናት አባት የላቸውም። እሱ ለሷ፣ እሷ ለሱ ነበሩ። ባሏ ዋለልኝ ደውሎ "እባካችሁ እስክትወልድ መርዶው አይነገራት" ብሎ ለመነ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኩሪያ ወሰኑ። ለዚህም ነው ለካ አስከሬኑን ያልላክነው! እኔ የአየር መንገድ ጉዳይ መስሎኝ...

ለእህቲቱ የተነገራት፦ ወንድምሽ ጉሮሮውን ተቀዶ ሐኪም መናገር ከልክሎታል፤ ይጽፍልሻል። የሚጽፈው ጋሽ ወልዳይ ነው። በሟች ማሽን፣ በሟች ስም።

"ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"መኩሪያ ከለከለ። ሹዓይብ ሁሉ ነገር ይከፈት ባይ ነው፣ ይህንንም ይከፍተዋል አለ።"

እውነቱን ነው። ውስጡ የማይታይ ፕሮግራም አትመኑ እያልኩ ስንት ሰው አሰልችቻለሁ።

ከዚያ የልመናው ነገር መጣ። "ፊደሌን አስተካክልልኝ" አለ። "አዲስ አበባ ኖሬ ሲያባርሩኝ ቤቴን ቀሙኝ፣ አማርኛዬን አልቻሉም። ጣቴ ግን ፊደል የቆጠረው አስመራ ነው፤ ሳላስበው ወደ ኣ ይሄዳል። እሷ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪ ናት። አይታ ዝም ማለቷ ነው የሚያስፈራኝ።"

አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። በሊኑክስ የቁልፍ ሰሌዳው ራሱ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ከፍቶ አንድ መስመር መለወጥ ብቻ። በዚያኛው ኩባንያ ዕቃ ቢሆን ለማን አቤት ትላለህ? ኩራት ተሰማኝ... ለአፍታ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ወንድይራድ ለራሱ ማስታወሻ አኑሮበታል፦ "ኣ ለጋሽ ወልዳይ። እንዳይነካ።"

ነካሁት። አሁን ሽማግሌው የፈለገውን ቢመታ የሚወጣው አ ነው።

ማስታወሻው ምን እንደሚል አልነገርኩትም። የሰው ልጅ ከሞተ በኋላ "እንዳይነካ" ሲል... ባቡር ውስጥ ሙሉ መንገዱን ይኸው ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ።


መስከረም 21

ዒድ ዋለ። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ሐዋ "ፊትህን ፍታ" አለችኝ። ፈታሁ።


መስከረም 27

ዓለም ሁሉ ስለ ወደቁት ባንኮች ያወራል። እዚህም ጋዜጣው ሁሉ እሱ ነው። የሚገርመኝ የሰዉ መገረም! የባንኮቹን ሒሳብ ውስጡን ያየ ማን አለ? ዝግ ፕሮግራም ሸጡላቸው፣ "ይሠራል፣ እመኑን" አሏቸው፤ አመኑ። አገራችንም በዚሁ መንገድ ነው የምትተዳደረው። ከላይ ማስታወቂያ ይነበባል፤ ከሥር ምን እንደተጻፈ የጠየቀ ሰው ጠላት ነው።

ይህን ለደንበኛ እየተናገርኩ ሳለ ጋሽ ወልዳይ ሱቅ ገባ። ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ።

"ጻፈችልኝ" አለ።

"ምን ብላ?"

እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። "ወንዴ፣ እጅህ ተመለሰ! እስካሁን ጋሽ ወልዳይ ይጽፍልህ እንደነበር አውቄያለሁ፤ ኣውን አይቼ። መጻፍ ቢያቅተው ነው፣ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ለራሴ እየነገርኩት ነበር። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። አሁን ግን አንተው ነህ። ተመስገን። አንተው ነህ።"

ደንበኛው ምን እንደሆንን እያየን ነው። ሱቁን ዘጋሁ።

አንድ ፊደል። ሴትዮዋ በገዛ ዓይኗ አንብባ፣ ቀስ በቀስ፣ ወደ ሐዘኑ ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር። እኔ አስተካክዬ መለስኳት። የሞተውን ሰው ያስነሳሁት እኔ ነኝ።


ጥቅምት 3

ወደ ድሮው ልመልሰው? ኣው ተመልሶ ከመጣ "እንደገና ታመመ" ትላለች። በዚህ ሁኔታዋ? አልጋ ላይ? ካልመለስኩትስ? በየቀኑ እየዳነላት...

ሶፍትዌር ሲበላሽ ወደ ቀድሞው ዕትም ትመለሳለህ። ሰው ቀድሞ ዕትም የለውም።


ጥቅምት 9

ጋሽ ወልዳይ "ከእንግዲህ አልጽፍም" አለ። ደስ ባላት ቁጥር እሱ ማሽኑን ዘግቶ ይነሳል። "ስትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።" ማሽኑን በፌስታል ጠቅልሎ ሱቅ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። "ቋንቋው ያንተ ነው። ጓደኛህም ነው።"

ከሱቁ ጀርባ አስቀመጥኩት። አልከፍተውም።


ጥቅምት 11

ዋለልኝ ደወለ። "ሁለት ቀን ዝም ሲላት እህል አልቀምስ አለች።"

ከፈትኩት። ጻፍኩ።

ቀላል ይሆናል ብዬ አልነበረም። ያስፈራኝ ቀላል መሆኑ ነው። ስለ ሥራ ጠየቀችኝ፤ እሱ እንደሚያማርረው አማረርኩ። ስለ ኮምፒውተሯ ነገረችኝ፤ "ዘግቶ መክፈት የሰነፍ መድኃኒት ነው" አልኳት። ሳቀች። ከየት አመጣሁት? እሱ እንዲህ ይል ነበር? ወይስ እኔ ነኝ? ወይስ...

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትኩ። ፈራሁ ስትለኝ "አብሽሪ" ብዬ ላክሁላት። የኛ የወሎ ሰዎች ማጽናኛ። ማርቆስ የተወለደ ሰው ምን አብሽሪ ይላል?

መለሰችልኝ፦ "ኧረ ወንዴ! ያ ሹዓይብ የምትለው ጓደኛህ አበላሸህ። አብሽሪ አለኝ! እንግዲያው አብሽሬያለሁ።"

ለሁሉም ምክንያት አላት። አሁን ምንም ነገር አያስጠረጥራትም።


ጥቅምት 26

አሜሪካኖች ጥቁር ፕሬዚዳንት መረጡ። ግሮንላንድ፣ ስደተኛው የሚበዛበት ሰፈር፣ ሰው እንደ ሠርግ ይተቃቀፋል። ደስ አለኝ፤ ግን ነጋዴ ነኝ፣ ማሸጊያው ሲቀየር ውስጡን ሳላይ አልከፍልም።

እታገኘሁ ጻፈች፦ "አንተ ምን ትላለህ? ባለፈው እነዚህ ጥቁር አይመርጡም ብለህ ተወራርደኸኝ ነበር።"

ተወራርደናል ለካ። ማን ይነግረኛል? "ተሸነፍኩ" አልኳት።

ሰው ከሞተ በኋላ ውርርድ ሲሸነፍ።


ኅዳር 6

ጋሽ መኩሪያን ሱቅ ጠርቼ አናገርኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ድሮ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ፣ ቁጭ ሲሉ አሁንም ችሎት ላይ ይመስላሉ።

"እስከ መቼ?" አልኳቸው።

"እስክትወልድ ተብሏል።"

"ከዚያስ?"

"አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ክርስትናው ይለፍ።"

"ከዚያ ደግሞ ጡት ታጠባለች፣ ወተቱ ይደርቃል ትላላችሁ። የሶፍትዌር ኩባንያ ሆናችሁ እኮ ጋሽ መኩሪያ! ሁልጊዜ በሚቀጥለው ወር ይወጣል።"

"አንተ ልጅ፣ መርዶ ዕቃ አይደለም። ድሮም እንዲህ ነው። የኔ አባት ሲሞት ለእኔ ሁለት ዓመት ተደብቆ ነው የተነገረኝ።"

"ሲነግሩዎት ምን አሉ?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ የላክሁለትን ሰላምታ ማን ተቀበለው አልኩ" አሉኝ።

ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ምንም አልተወሰነም።


ኅዳር 17

ሐዋ አወቀች። ሱቅ ምሳ ልታመጣልኝ ገብታ ከጀርባዬ ቆማ ኖሮ አንብባዋለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ምሳውን አስቀምጣ "ፈራህ?" ብቻ አለችኝ። ጂኒ የለም የምለው ሰውዬ ምን ልመልስላት?


ኅዳር 27

ወለደች። ወንድ። ሁለቱም ደህና ናቸው። አልሃምዱሊላህ! ጋሽ ወልዳይ ስልኩ ላይ በትግርኛ እልል አለ፤ ሽማግሌ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።


ኅዳር 29

የፈራሁት መጣ።

"ወንዴ፣ ስም አውጣለት። እናታችን ብትኖር እሷ ታወጣለት ነበር፤ ከሷ ቀጥሎ አንተ ነህ። ዋለልኝንም ማንንም አላስቀድምም። እየጠበቅሁህ ነው።"

አነበብኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። አንድ ስም ወዲያው መጣልኝ፤ ጥሩ ስም ነበር። እዚህም አልጽፈውም። እንደመጣልኝ ነው የደነገጥኩት። ልልከው ነበር።

ማሽኑን ዘጋሁት።


ታኅሣሥ 1

ሦስታችን ትቬይታ ተገናኘን። ነገርኳቸው። ጋሽ መኩሪያ መጀመሪያ "ቀላል ስም አውጣላት በቃ" አሉ።

"አላወጣም። እስካሁን የጻፍነው ነገር ይጠፋል፤ ትረሳዋለች፣ ይቅርም ትለን ይሆናል። ስም ግን ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ይጠሩበታል። በጠሩት ቁጥር የኔ ውሸት ነው።"

"ታርሳ ሳትነሳ..."

"ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ሁለት ዓመት ሰላምታ ልከዋል። እሷ ልጇን እየላከች ነው።"

ጋሽ ወልዳይ እስከዚያ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። "ለሕፃን ስም ከመቃብር አይመጣም" አለ። "እኛ ዘንድም እናንተም ዘንድ።"

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ዋለልኝ ጋ ደወሉ። "ሽማግሎቹን አሰባስብ" ሲሉ ሰማሁ። "ሐኪም ቅርብ ይሁን።"


ታኅሣሥ 5

ዛሬ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ገብተው ነገሯት። ዋለልኝ ለጋሽ መኩሪያ ደውሎ ነበር። ጮኸች፣ ከዚያ ልጁን ስጡኝ አለች፣ አቅፋው ተቀመጠች። ወተቷ አልደረቀም።

እዚህም አዳራሽ ተከራይተን ተቀመጥን። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሰው መጣ። ነሐሴ ላይ የቀበርነውን ሰው ታኅሣሥ ላይ አለቀስንለት።


ታኅሣሥ 14

ወደ ራሴ አድራሻ ጻፈችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አቶ ሹዓይብ፣ ልወቅስዎት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ወንድሜ ያልሆነው?"

አልሸፈንኩም። እስከ ነሐሴ 23 እሱ ነው አልኳት። ከዚያ ጋሽ ወልዳይ፤ ከጥቅምት 11 ወዲህ እኔ። አብሽሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ውርርዱን የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ስሙን ያላወጣሁትም እኔ ነኝ።

መልሳ ጻፈች፦ "የነሐሴ 23ቱን አገኘሁት። 'ምሳሽን ብዪ፣ ማታ እጽፍልሻለሁ' ይላል። እንግዲህ የመጨረሻው ይሄ ነው። የሱ ይሄን ያህል ነው።"

ቀጥላ፦ "ከዚያ በኋላ ያለውን ልሰርዘው ብዬ አልቻልኩም። አብሽሪውን አነባለሁ።"

የልጁን ስም ራሷ አውጥታለች። አልነገረችኝም። አልጠየቅሁም።


ታኅሣሥ 20

ማሽኑን ለጋሽ ወልዳይ መለስኩለት። ቁልፍ ሰሌዳውን እንደነበረ አድርጌ። ሞክሮ አየው። "ኣ" ብሎ ጻፈ፤ ደጋግሞ፣ ሙሉ መስመር። ቆይቶ "ስንጨቃጨቅ በዚህ ፊደል ነበር የምንጻጻፈው" አለኝ። "ከግድግዳው ወዲያና ወዲህ ሆነን። መኝታ ቤት እስከ መኝታ ቤት።"


ጥር 8

ሱቁ ደህና ነው። የባንኮቹ ችግር ሰውን ወደ አሮጌ ዕቃ እየገፋው ነው፤ ኮሙኑም፣ የከተማው አስተዳደር፣ ለትምህርት ቤቶች ነፃ ሶፍትዌር ሊሞክር ነው የሚል ወሬ አለ። ድሮ ቢሆን ይህን ሰምቼ ሳምንት እደሰኩር ነበር። አሁን ሰው ሱቅ ገብቶ "ውስጡ የሚታይ ይሻላል አይደል?" ሲለኝ፣ ይሻላል እላለሁ። ብዙ አልጨምርም።

ኮምቦልቻ ደወልኩ። ወንድሜ አነሳው፣ "ሁሉም ደህና ነው" አለኝ። ድሮ ይበቃኝ ነበር። "እማን አቅርብልኝ" አልኩት። "ቁርኣን እየሰማች ነው።" "አቅርብልኝ።" መጣች። አክስቴንም አስጠራሁ። የጎረቤቱንም ሰውዬ።

እማ ሳቀች። "ምን ሆነሃል ልጄ? ሞተን እንደሁ ልትቆጥረን ነው?"

"አዎ እማ። ብትሞቺ በዚያው ቀን ይንገሩኝ። እዘዢያቸው።"

"እሺ አዛለሁ።" ደግሞ ቀጠለች። "አንተስ? አንተስ ብትሆን ለእኔ የሚነግረኝ ማነው?"

እራት ላይ ለሐዋ ነገርኳት። እኔ የሞትኩ ቀን ለእማ ደውዪ። በዚያው ቀን። በስሜ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።

ሳህኑን አስቀመጠች። "እማን እያወቅሃት? በዚያ ደም ግፊቷ?"

"በዚያው ቀን።"

"እንግዲያው የይለፍ ቃልህን ለውጠው" አለችኝ። "እኔ እያወቅሁት ከሆነ እጽፍላታለሁ። ወላሂ እጽፍላታለሁ።"

አስቤው ነበር፣ እራት በልቼ እንደተነሳሁ ልለውጠው።

አልለወጥሁትም።